የሊኑክስ ዴስክቶፕ ድምፅ ሲያጣ፦ ሲስተሙን ከማስጫናችሁ በፊት

ባለፈው ክረምት የእህቴ ልጅ ከደሴ ደወለችልኝ። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝቼ፣ ኡቡንቱ የሚባለውን የሊኑክስ ሲስተም (እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ጭኜበት ልኬላት ነበር፤ ለፈተና የምትዘጋጀው በእሱ በምታያቸው የትምህርት ቪዲዮዎች ነው። «አጎቴ፣ ምስሉ ይታያል፤ ድምፁ ግን የለም» አለችኝ። ሰፈር ውስጥ ያለ ሰው ሲስተሙ ተበላሽቷልና እንደ አዲስ ይጫን ብሏታል። አደራችሁን፣ በድምፅ ምክንያት ሲስተም አታስጭኑ! አብዛኛውን ጊዜ ድምፁ አልጠፋም፤ ወይ በሌላ መውጫ ሄዷል፣ ወይ መንገድ ላይ ተዘግቶበታል።

መጀመሪያ ገመዱን ተመልከቱ። ከኮምፒውተሩ ጀርባ ካሉት ክብ ቀዳዳዎች ስፒከር የሚሰካው አረንጓዴው ላይ ነው፤ ሮዙ የማይክሮፎን ነው። ስፒከሩን ነቅላችሁ ስልክ ላይ ሞክሩት። እዚያ ከሠራ ጥፋቱ የእሱ አይደለም።

ቀጥሎ ሴቲንግስ ውስጥ ሳውንድ የሚለውን ክፈቱና አውትፑት ላይ የተመረጠውን እዩ። ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ወይም በዲስፕሌይፖርት ገመድ ከተያያዘ ኮምፒውተሩ ሞኒተሩንም የድምፅ መውጫ አድርጎ ይቆጥረዋል። ሞኒተሩ ደግሞ ስፒከር ላይኖረው ይችላል። ላይን አውት የሚለውን (የአረንጓዴውን ቀዳዳ መውጫ) መርጣችሁ ቴስት በሉት። የሚታየው ደሚ አውትፑት ብቻ ከሆነ ሲስተሙ የድምፅ ካርዱን አላገኘውም ማለት ነው፤ ኮምፒውተሩን አጥፍታችሁ ሶኬቱን ለጥቂት ደቂቃ ንቀሉ፣ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ የሚከፈተው መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥም የድምፁ ክፍል እንዳልተዘጋ አረጋግጡ።

የእህቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ተመርጦ የተገኘው ሄድፎንስ ነበር። ማዳመጫ ግን አልተሰካም። ላይን አውትን መረጠች፤ አሁንም ዝም። እዚህ ላይ ነው አልሳሚክሰር፣ ማለትም የድምፅ ካርዱን መቆጣጠሪያዎች አንድ በአንድ የሚያሳየው ፕሮግራም፣ የሚጠቅመው። ኮንትሮል፣ አልት እና ቲን አንድ ላይ ተጭና ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበትን መስኮት) ከፈተች፤ እኔም በስልክ ፊደል በፊደል ነገርኳት፦ ኤ፣ ኤል፣ ኤስ፣ ኤ፣ ኤም፣ አይ፣ ኤክስ፣ ኢ፣ አር፤ ከዚያ ኢንተር።

መጀመሪያ የመጣላት አንድ የድምፅ መጠን ማሳያ ዘንግ ብቻ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ደርሶ ተስፋ ቆርጦ ይዘጋዋል። ከኡቡንቱ 22.10 ጀምሮ ድምፁን የሚያስተናግደው ፓይፕዋየር የሚባል ፕሮግራም ስለሆነ በቅድሚያ የሚታየው የካርዱ ዝርዝር አይደለም። ኤፍ6 ተጭናችሁ ኤችዲኤ ኢንቴል ወይም ያን የሚመስል ስም ያለውን ካርድ ምረጡ፤ ያን ጊዜ ዘንጎቹ ሁሉ ይደረደራሉ። ከሥሩ ሁለት ኤም የተጻፈበት ዘንግ ተዘግቷል። በግራና ቀኝ ቀስት ሄዳችሁ የኤም ቁልፍን ስትጫኑ ይከፈታል፤ በላይኛው ቀስት ደግሞ ከፍ ይላል። ማስተር፣ ፒሲኤም እና ፍሮንት የሚባሉትን በተለይ እዩ።

የእሷ ሁሉም ክፍት ነበሩ። «እስከ ቀኙ ጫፍ ድረስ ሂጂና ያለውን አንብቢልኝ» አልኳት። «ኦቶ ሚውት ሞድ፣ ኢኔብልድ» አለች፤ በርቷል ማለት ነው። ይኸው ነው! ማዳመጫ ሲሰካ ስፒከሩን የሚዘጋው እሱ ነው። የፊት ለፊቱ ማዳመጫ ቀዳዳ ውስጥ ያለው መነካኪያ ስለተበላሸ ኮምፒውተሩ ሁልጊዜ ማዳመጫ የተሰካ ይመስለዋል። በቀስት ዲስኤብልድ (ጠፍቷል) ላይ አደረገችውና ቪዲዮውን ስታስነሳው የመምህሩ ድምፅ በስልኩ በኩል በእኔም ጆሮ ገባ።

ወዲያውኑ ኮምፒውተሩን በሥርዓት አጥፍታ እንድታስነሳው አደረግሁ። ማስተካከያው የሚቀመጠው በሥርዓት ሲጠፋ ነው፤ መብራት ድንገት ከሄደ ሊጠፋ ይችላል። ከእንግዲህ ማዳመጫ ብትሰካም ስፒከሩ በራሱ ዝም አይልምና፣ ማታ ስታጠና የስፒከሩን ማብሪያ ራሷ ትዘጋዋለች።