ፒዲን በማስመሪያ መለካት
መነጽር ሥራ ላይ ረጅም ጊዜ ስለቆየሁ፣ ሰው ሳገኝ ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው በሁለቱ ብሌኖቹ መካከል ባለው ርቀት ላይ ነው። የሥራ ልማድ ነው፣ ምን ላድርግ! ይህ ርቀት ፒዲ ይባላል። የሚለካው በሚሊሜትር ነው፤ የአብዛኛው አዋቂ ከ54 እስከ 74 ባለው ውስጥ ይገባል፣ አማካዩ 63 አካባቢ ነው።

ጥቅሙ ምንድን ነው? ሌንስ ብርሃን ሳይታጠፍ የሚያልፍበት አንድ ነጥብ አለው። ነጥቡ ከብሌናችሁ ፊት ካልዋለ ምስሉ ወደ ጎን ይሸሻል፣ ዓይናችሁም ሁለቱን ምስሎች ለማገጣጠም ሲታገል ይውላል። ራስ ምታቱና ድካሙ ከዚያ ይመጣል። ጉዳቱ እንደ ሌንሱ ኃይል ነው። ነጥቡ 5 ሚሊሜትር ቢስት፣ በ1 ዳዮፕተር (የሌንስ ኃይል መለኪያ) ሌንስ ላይ የሚፈጠረው ግማሽ ፕሪዝም ነው፤ ፕሪዝም ምስሉ ምን ያህል ወደ ጎን እንደሸሸ የሚለካበት ነው። በ6 ዳዮፕተር ላይ ግን 3 ፕሪዝም ይሆናል፤ ይህ ቀላል አይደለም። የሌንሳችሁ ቁጥር ከፍ ያለ ከሆነ እንደነገሩ አትለኩ።

መጀመሪያ የድሮ ማዘዣችሁን እዩ፤ ምናልባት ተጽፎ ይሆናል። 63/60 የሚል ካገኛችሁ የመጀመሪያው ሩቅ ስታዩ፣ ሁለተኛው ቅርብ ስታዩ ያለው ፒዲ ነው። 32/31 የሚል ከሆነ ደግሞ ከአፍንጫ መሃል እስከ ቀኝና እስከ ግራ ብሌን ያለው ነው። ፊታችን ግራና ቀኙ እኩል ስላልሆነ እኔ ይህንን ለየብቻ የተለካውን እመርጣለሁ።

ካልተጻፈ ሚሊሜትር ያለው ማስመሪያ ያዙና ከመስታወት ፊት ቁሙ፣ 20 ሴንቲሜትር ያህል ርቃችሁ። ማስመሪያውን ቅንድባችሁ ላይ አጋድማችሁ አስደግፉት። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ በቀኙ ራሱን ቀኙን እያያችሁ ዜሮውን ብሌኑ ላይ አድርጉ። ከዚያ ጭንቅላታችሁንም ማስመሪያውንም ሳታንቀሳቅሱ ቀኙን ጨፍኑ፣ ግራውን ክፈቱ፣ ግራውን ራሱን እዩ። ቁጥሩ በመስታወት ተገልብጦ ስለሚታይ እዚያው ለማንበብ አትድከሙ። ብሌኑ የደረሰበት መስመር ላይ የአውራ ጣታችሁን ጥፍር ያዙበት፣ ማስመሪያውን አውርዱና አንብቡ።

አሁን ዋናው ችግር። ዓይናችሁ ጥቁር ከሆነ ብሌኑ ከዙሪያው አይለይም፤ "መሃሉ እዚህ ይሆናል" ብሎ መገመት ይመጣል። መሃሉን ተዉት። ዓይኑ ጥቁሩ ከነጩ የሚገናኝበት ጠርዝ አለው፣ እሱ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዜሮውን በቀኝ ዓይን ጥቁር ውጫዊ ጠርዝ ላይ አድርጉ፣ በግራው ደግሞ በአፍንጫ በኩል ያለውን ጠርዝ አንብቡ። የሁለቱ ጥቁር ስፋት አንድ ዓይነት ስለሆነ ውጤቱ ያው ፒዲ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ብሌኑ በደንብ ለሚታይም ቢሆን እኔ የምመክረው ይህንን ነው።

ሌላ ሰው የሚለካችሁ ከሆነ በክንድ ርቀት ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን እኩል ከፍታ ላይ ይቀመጥ። እሱ ቀኝ ዓይኑን ጨፍኖ የእናንተን ቀኝ በግራ ዓይኑ ያያል፤ እናንተም የከፈተውን ዓይን ታያላችሁ። ከዚያ ሌላውን ይከፍታል፣ እናንተም ወደዚያው ትዞራላችሁ፣ ግን በዓይን ብቻ! ዓይን ሳይቀያይር በአንዱ ብቻ ከለካ ቁጥሩ ከእውነተኛው ያንሳል።

ሦስት ጊዜ ለኩ። ልዩነቱ ከ1 ሚሊሜትር ካለፈ እንደገና ጀምሩ። መነጽሩ ለማንበብ ብቻ ከሆነ እንዲህ ከለካችሁት የሩቅ ፒዲ ላይ 3 ሚሊሜትር ያህል ይቀነሳል።

ዓይኑ ሸውራራ የሆነ ሰው፣ ሕፃናት፣ እንዲሁም ሩቅም ቅርብም በአንድ ላይ የሚያሳይ ፕሮግሬሲቭ ሌንስ የሚያዙ ሰዎች በማስመሪያ ባይሞክሩት ይሻላል። በተለይ ለፕሮግሬሲቭ የብሌኑ ከፍታም ይለካል፤ እሱ ደግሞ የመረጣችሁትን ፍሬም ፊታችሁ ላይ አድርጎ በባለሙያ የሚሠራ ነው።