የመጀመሪያው ተወልዶ ሁለተኛው ሲዘገይ፦ ፒሲኦኤስና የማይወጣው እንቁላል

አንዴ የወለደች ሴት ወር አበባዋ ተዘበራርቆ ሁለተኛ ልጅ ስትፈልግ የምትሰማው መልስ ብዙውን ጊዜ «ወልደሽ የለ፣ ምን ያስቸኩልሻል» የሚል ነው። ፒሲኦኤስ (ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ሲንድረም፣ እንቁላል በየወሩ እንዳይወጣ የሚያደርግ የሆርሞን መዛባት) ላለባት ሴት ይህ ምክር ጊዜዋን ከመብላት ሌላ ጥቅም የለውም። በዓመት ሦስት ወይም አራት ጊዜ ብቻ እንቁላል የሚወጣላት ሴት ቀኑ ገጥሞላት ልትፀንስ ትችላለች፤ በሚቀጥለው ግን ላይገጥማት ይችላል። ስለዚህ ከክኒኑም ከአመጋገቡም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አንድ ነው፦ በዚህ ወር እንቁላል ወጥቷል ወይስ አልወጣም?

በጤናማ ዑደት ከብዙ ትንንሽ የእንቁላል ከረጢቶች አንዱ ከ18 ሚሊ ሜትር በላይ አድጎ ይፈነዳል፤ እንቁላሉም ይወጣል። በፒሲኦኤስ ከረጢቶቹ ከ2 እስከ 9 ሚሊ ሜትር ደርሰው ይቆማሉ። ከፍ ያለ ኢንሱሊን ኦቫሪው (እንቁላል የሚያድግበት አካል) የወንዴ ሆርሞን አብዝቶ እንዲያመርት ያደርገዋል፣ ይህም እድገታቸውን ይገታል። አልትራሳውንድ ወረቀት ላይ «ሲስት» ተብሎ የሚጻፈው እነዚህ የቆሙ ከረጢቶች ናቸው። ዕጢ አይደሉም፤ በኦፕራሲዮን ይወጡ የሚላችሁ ካለ ሌላ ሐኪም አማክሩ።

ወር አበባ ከ3 ወር በላይ ጠፍቷል

ሁሉንም ነገር በፒሲኦኤስ ከማሳበብ በፊት ሌሎቹን ምክንያቶች ማጣራት ያስፈልጋል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ ምክንያቶቹ ይበዛሉ።

የመጀመሪያው እርግዝናው ራሱ ነው። «እኔ አይወጣልኝም» ብላ ሳትመረመር የቆየች ሴት አራተኛ ወሯ ላይ ልትገኝ ትችላለች። የሽንት ምርመራው ይቅደም።

ሁለተኛው የሦስት ወር መርፌ፣ ማለትም ዲፖ ነው። ከመጨረሻው መርፌ በኋላ የመፀነስ አቅም እስኪመለስ በአማካይ 10 ወር ገደማ ይፈጃል። በክንድ የሚቀበረው ወይም ሉፕ ከወጣ በኋላ ግን እንዲህ ያለ መዘግየት የለም፤ እሱ ወጥቶም ወር አበባ ካልመጣ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ሦስተኛው ማጥባት ነው። ሕፃኑ ሌሊት እየተነሳ የሚጠባ ከሆነ ፕሮላክቲን (ወተት እንዲመረት የሚያደርገው ሆርሞን) ከፍ ብሎ እንቁላልን ያግዳል። እያጠቡ የተሰራ የፕሮላክቲን ምርመራ ከፍ ማለቱ የሚጠበቅ ስለሆነ በሽታ አያሳይም።

ከዚያ የታይሮይድ ምርመራ (ቲኤስኤች) ይሰራ። በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ፈሷት፣ ጡቷ ወተት ሳይዝ የቀረና ከዚያ ወዲህ ወር አበባ ያላየች እናት ይህን ለሐኪሙ ሳትጠየቅ ትንገር፤ ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ እጢ ተጎድታ ሊሆን ይችላል። ማህፀን ከተጠረገ በኋላ ደም ፈጽሞ ከቆመ ደግሞ የማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ በጠባሳ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል።

እርግዝና አለመኖሩ ከተረጋገጠ ሐኪሙ ሜድሮክሲፕሮጄስትሮን (ወር አበባን የሚያመጣ የሆርሞን ክኒን) 10 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ቀን ያዝዛል። ክኒኑ ካለቀ በኋላ በሁለት ሳምንት ውስጥ ደም ከመጣ ኦቫሪው ኤስትሮጅን (የማህፀን ሽፋንን የሚያወፍረውን የሴት ሆርሞን) እያመረተ ነው፣ መውጫውም ክፍት ነው፤ ይህ ከፒሲኦኤስ ጋር ይሄዳል። ካልመጣ ከላይ ያሉት ሁለቱ፣ ፒቱታሪና ጠባሳ፣ በደንብ ይፈተሹ። በዚህ ክኒን የመጣው ደም ግን እንቁላል ወጣ ማለት አይደለም። ቢሆንም ጥቅም አለው፦ ለረጅም ወራት ሳይረግፍ የሚወፍር የማህፀን ሽፋን ውሎ አድሮ ወደ አደገኛ ለውጥ ሊሄድ ስለሚችል ከ3 ወር በላይ ያለ ደም መቆየት ለመፀነስ ለማትፈልግ ሴትም ጥሩ አይደለም።

ደም ይመጣል፣ እርግዝና ግን የለም

ብዙ ሴቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። እንቁላል ሳይወጣም የወፈረው ሽፋን በራሱ ጊዜ ተቆርሶ ይደማል። ዑደቱ ከ21 ቀን ካነሰ፣ ከ35 ቀን ከበለጠ ወይም በዓመት ከ8 ጊዜ በታች ከመጣ እንቁላል በየወሩ እየወጣ እንዳልሆነ ይጠርጠሩ።

ማረጋገጫው የፕሮጄስትሮን፣ ማለትም እንቁላል ከወጣ በኋላ ከፍ የሚለው ሆርሞን፣ የደም ምርመራ ነው። ችግሩ «በ21ኛው ቀን» ተብሎ ለሁሉም መታዘዙ ነው። 21ኛው ቀን የሚሠራው ዑደቷ 28 ቀን ለሆነች ሴት ብቻ ነው፤ ምርመራው የሚሰራው ቀጣዩ ወር አበባ ከሚጠበቅበት 7 ቀን አስቀድሞ ነው። ዑደቷ 35 ቀን ከሆነ 28ኛው ቀን ይሆናል። ዑደቱ የማይገመት ከሆነ ከ21ኛው ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ መድገም ይሻላል። በትክክለኛው ቀን የተሰራ ውጤት ከ3 ናኖግራም በሚሊ ሊትር በላይ ከሆነ እንቁላል ወጥቷል። መለኪያውን ሳያዩ ቁጥሩን ብቻ አያንብቡ፦ አንዳንድ ላብራቶሪ በናኖሞል በሊትር ስለሚጽፍ 3 ናኖግራም እዚያ 10 ገደማ ሆኖ ይታያል። በናኖሞል የተጻፈ 6 አይቶ «ደህና ነው» የሚል ሰው ተሳስቷል።

ቀን 1 የሚባለው ቀይ ደም በደንብ መፍሰስ የጀመረበት ቀን ነው፤ ጠብታው አይቆጠርም። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለምትቆጥሩ፣ ወሩ 30 ቀን መሆኑ ሥራውን ያቀልላል፤ ከነሐሴ ወደ መስከረም ሲሻገሩ ግን የጳጉሜን ቀናት ይረሱና 33 ቀን የሆነው ዑደት 28 ተብሎ ይመዘገባል።

በሽንት የሚሰራው የኦቩሌሽን ስትሪፕ (ኤልኤች) በፒሲኦኤስ ያታልላል። በዚህ ሁኔታ ኤልኤች፣ እንቁላል እንዲወጣ የሚያደርገው ሆርሞን፣ ያለወትሮው ከፍ ብሎ ሊቆይ ስለሚችል ስትሪፑ ለብዙ ቀናት «ፖዘቲቭ» ያሳያል፣ እንቁላል ግን የለም። ገንዘቡን ለፕሮጄስትሮን ምርመራ ማዋል ይሻላል። የጠዋት ሙቀት ከአልጋ ሳይነሱ መለካት ነጻ ነው፦ እንቁላል ከወጣ በኋላ ከ0.3 እስከ 0.5 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆያል። ሌሊት ለሕፃን የምትነሳ እናት ግን መለኪያዋ ስለሚዛባ ብዙ አትመካበት።

እንቁላል እንደማይወጣ ተረጋግጧል፦ ሌትሮዞል

ዛሬ በፒሲኦኤስ እንቁላል ለማስወጣት የመጀመሪያ ምርጫ ሌትሮዞል የተባለው ክኒን ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በ750 ሴቶች ላይ በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ እስከ 5 ዑደት ድረስ ሌትሮዞል ከወሰዱት 27.5 በመቶ፣ ክሎሚፊን (ክሎሚድ) ከወሰዱት ደግሞ 19.1 በመቶ ወልደዋል። ክሎሚፊን የማህፀን ሽፋንን የማሳሳት ባሕርይ አለው፤ መንታም ያበዛል። ሌትሮዞል ካልተገኘ ግን አሁንም ይሠራል።

ማሸጊያው ውስጥ ያለው ወረቀት ሌትሮዞል የጡት ካንሰር መድኃኒት እንደሆነ፣ ወር አበባ ላቆሙ ሴቶች እንደሚሰጥ ይናገራል። ይህን አንብበው የሚደነግጡና ክኒኑን የሚያስቀምጡ አሉ። ለመፀነስ የሚሰጠው ለ5 ቀን ብቻ ነው። ኤስትሮጅንን ለአጭር ጊዜ ዝቅ ሲያደርግ አንጎል ኤፍኤስኤች የተባለውን ሆርሞን ጨምሮ ይልካል፤ የቆመው ከረጢትም ማደግ ይጀምራል። ፅንስ እስኪጀምር መድኃኒቱ በአብዛኛው ከሰውነት ወጥቷል።

አወሳሰዱ ይህን ይመስላል። እርግዝና እንደሌለ ይረጋገጣል፤ ይህ በየዑደቱ የሚደገም ነው። ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን 2.5 ሚሊ ግራም በቀን አንድ ጊዜ፣ በተመሳሳይ ሰዓት። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ቀን ባለው ጊዜ አልትራሳውንድ፤ የሚፈለገው 18 ሚሊ ሜትር ገደማ የደረሰ ከረጢት ነው። እንቁላል ብዙውን ጊዜ ከመጨረሻው ክኒን በኋላ ከ5 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይወጣል፤ ስለዚህ ከ10ኛው ቀን ጀምሮ ለ10 ቀን ያህል በየሁለት ቀኑ መገናኘት ይበቃል። እንቁላሉ ከ24 ሰዓት በላይ አይቆይም፣ የወንዱ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ስለሚቆይ ቀድሞ መገኘቱ ይጠቅማል። ከዚያ በተገቢው ቀን ፕሮጄስትሮን ይለካል። ይህ የመጨረሻው ምርመራ ከተዘለለ መጠኑ መጨመር እንዳለበት የሚያውቅ የለም፤ ሦስት ወር በማይሠራ 2.5 ይባክናል።

እንቁላል ካልወጣ በቀጣዩ ዑደት 5፣ ከዚያ 7.5 ሚሊ ግራም ይሆናል። ደም እስኪመጣ ሁለት ወር መጠበቅ የለም፤ ሐኪሙ በሜድሮክሲፕሮጄስትሮን ደም ሊያመጣ ወይም ወዲያው መጠኑን ጨምሮ ሊቀጥል ይችላል። ሦስትና ከዚያ በላይ ትልልቅ ከረጢት ከታየ በዚያ ዑደት አይገናኙ፤ ሦስት ልጅ በአንድ ማህፀን ለእናትም ለልጆቹም አደጋ ነው። እያጠቡ ሌትሮዞል አይወሰድም፤ ጡት ማስጣሉ በሐሳብ ተይዞ ቀስ ብሎ ይቅደም።

እንቁላል ይወጣል፣ አሁንም እርግዝና የለም

አሁን መድኃኒቱን መጨመር ዋጋ የለውም፤ ሥራውን ሠርቷል። ባል ይመርመር። «ልጅ አለኝ፣ ምን ልመረመር» የሚለው መልስ ከሚስቱ ዓመታት ይወስዳል። የዘር ፈሳሽ ምርመራ ርካሽ ነው፤ ከ2 እስከ 7 ቀን ታቅቦ፣ ናሙናው በ1 ሰዓት ውስጥ ላብራቶሪ መድረስ አለበት። ውጤቱ ዝቅ ካለ ከአንድ ምርመራ ፍርድ አይሰጥም፣ ይደገማል።

ከዚያ እንቁላሉን ወደ ማህፀን የሚያደርሱት ቱቦዎች ይታዩ። በኦፕራሲዮን የወለደች፣ ከወሊድ በኋላ ትኩሳትና ኢንፌክሽን የነበራት ወይም ማህፀኗ የተጠረገ ሴት ቀለም ተረጭቶ የሚነሳውን የቱቦ ኤክስሬይ ከብዙ ወር ክኒን በፊት ብታሰራ ይሻላል። ደም ከቆመ በኋላ፣ እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ይነሳል።

ሜትፎርሚን ሆድ ይረብሻል

ሜትፎርሚን፣ የስኳር ሕመም ክኒን የሆነው፣ ብቻውን እንቁላል በማስወጣት ከሌትሮዞል ደካማ ነው፤ ስኳሯ ከፍ ላለ ወይም ክብደቷ ለጨመረ ሴት ግን አጋዥ ነው። ተቅማጥና ማቅለሽለሽ የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ቀን ሙሉ መጠን ስለሚወሰድ ነው። 500 ሚሊ ግራም ከእራት ጋር ለአንድ ሳምንት፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ሦስት እያሉ መውጣት። ቀስ ብሎ የሚለቀው ዓይነት ለሆድ ይቀላል። በጾም ሰዓት ክኒኑን በባዶ ሆድ አይዋጡት፤ እስከ ቀኑ 9 ሰዓት የሚጾም ከመጀመሪያው ምግብ ጋር፣ ረመዳን የሚጾም ከኢፍጣር ጋር ይውሰድ። ብዙውን ዓመት ሥጋና ወተት የማይነካ ሰው ሜትፎርሚን ለረጅም ጊዜ ከወሰደ ቫይታሚን ቢ12 ይለካ።

ክብደት ለጨመረች ሴት ከ5 እስከ 10 በመቶ መቀነስ እንቁላልን ሊመልስ ይችላል፤ 80 ኪሎ ለሆነች ከ4 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። እንጀራ መተው አያስፈልግም። ለስላሳ፣ ጁስና በየስኒው የሚገባው ሦስት ማንኪያ ስኳር ይቅደም፤ ከዚያ ማታ እንጀራው ይቀነስና ምስር፣ ሽሮና ጎመን ይብዛ። ቀጭን ሴትም ፒሲኦኤስ ሊኖራት ስለሚችል ለእሷ «ቀንሺ» የሚል ምክር አይሠራም። አብሽና ተልባ እንደ ምግብ ጥሩ ናቸው፤ እንቁላል ያወጣሉ ብሎ ስድስት ወር መጠበቅ ግን አይገባም።

7.5 ሚሊ ግራም ላይ ተደርሶም አልተሳካም

ቀጣዩ በመርፌ የሚሰጥ ኤፍኤስኤች ነው፤ ያለ ተደጋጋሚ አልትራሳውንድ ፈጽሞ አይሰጥም፣ የፒሲኦኤስ ኦቫሪ ከልክ በላይ ይነሣሣልና። ሆድ መነፋት፣ ትንፋሽ ማጠር ወይም ሽንት መቀነስ ከታየ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ። ሌላው አማራጭ በላፓራስኮፒ (በትንሽ ቀዳዳ በካሜራ በሚሠራ ኦፕራሲዮን) ኦቫሪውን በጥቂት ነጥብ መተኮስ ነው። ከዚያ አይቪኤፍ (እንቁላልና ዘር ከሰውነት ውጭ ተገናኝተው ፅንሱ ወደ ማህፀን የሚገባበት ሕክምና)፤ በመንግሥት በኩል አዲስ አበባ ያለው የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ይህን አገልግሎት ይሰጣል። ዕድሜዋ 35 የሞላ ሴት እነዚህን ሁሉ ደረጃዎች በዝግታ እንድትወጣ አትገደድም፤ ቀድማ ትላክ።

ሙከራው ከመጀመሩ በፊት

ፎሊክ አሲድ 400 ማይክሮ ግራም በየቀኑ፣ ከመፀነስ ቢያንስ አንድ ወር፣ ቢቻል ሦስት ወር አስቀድሞ። የስኳር ሕመም ያለባት ወይም ቀድሞ የአከርካሪ ክፍተት ያለበት ልጅ የወለደች ሴት ግን ብዙ እጥፍ ከፍ ያለ መጠን ያስፈልጋታል፤ በሐኪም ይታዘዝ። የደም ግፊትና የስኳር ምርመራ ይሰራ፤ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ የሚለካው ከጾም ስኳር ብቻ የበለጠ ይናገራል። ለፊት ፀጉር የሚሰጠው ስፓይሮኖላክቶን ከሙከራው በፊት ይቁም። የመጨረሻው ልጅ ከተወለደ 24 ወር መሙላት ይመከራል፤ በኦፕራሲዮን የወለደች በተለይ ልብ ትበል።

ምርመራው ፖዘቲቭ ሲሆን ሜትፎርሚኑን በራስዎ አያቁሙ፣ ሐኪሙ ይወስን። በ6ኛው ወይም በ7ኛው ሳምንት አልትራሳውንድ ይነሡ፣ ሌትሮዞል የወሰደች ሴት መንታ መኖሩን እዚያ ታውቃለች። የስኳር ምርመራው በመጀመሪያው ክትትል ይሰራ፣ ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ይደገም፤ ፒሲኦኤስ ያለባት እናት በእርግዝና ስኳር የመያዝ ዕድሏ ከሌሎች ከፍ ያለ ነው።