ሶፍትዌሩ ከመከፈቱ በፊት ተማሪዎቹ ይራመዱ

የከተማ ፕላን የምታስተምሩ ካላችሁ አንድ ነገር ላካፍላችሁ። የቦታ ትንተናን በኪውጂአይኤስ (ካርታ መሥሪያና መተንተኛ ሶፍትዌር ነው) አትጀምሩ። በእግር ጀምሩ።

በ2008 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር አንድ ጣቢያ ምረጡ። ተማሪዎቹ ጣቢያውን መሃል አድርገው፣ ዙሪያው 500 ሜትር የሚርቅ ክብ ካርታ ላይ ያስምሩ። ስፋቱ 78.5 ሄክታር ገደማ ይመጣል። ከዚያ በየአቅጣጫው ተበትነው ከጣቢያው 500 ሜትር ይራመዱና የደረሱበትን በስልካቸው ይመዝግቡ።

ነጥቦቹ ሲገናኙ ክቡ የለም! አንዱ የሐዲዱን አጥር ለመሻገር ሲዞር ሜትሩን ጨርሷል። ሌላዋ ወንዝ ዳር ደርሳ መንገድ አልቆባታል። ለነገሩ መንገዱ ሁሉ እንደ ቼዝ ሰሌዳ የተሰመረና ጥቅጥቅ ያለ ቢሆን እንኳ፣ መታጠፍ ስለማይቀር የሚደረሰው 50 ሄክታር ያህል ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ አሁን ይከፈት። የመንገድ መረጃውን ማንም ሊያርመው ከሚችለው ነፃ የኢንተርኔት ካርታ፣ ከኦፕንስትሪትማፕ አውርደው የኔትወርክ ትንተና ይሥሩ፤ ማለትም በመንገዶቹ ብቻ ተሂዶ 500 ሜትር የት እንደሚያደርስ ያስሉ፤ ውጤቱንም ከእግራቸው ጋር ያነጻጽሩ። ካርታው የዘለለው መሻገሪያ ካለ ይጨምሩበት።

አንዲት ማስጠንቀቂያ፦ ብዙዎቹ የቆዩ የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት በአዲንዳን ዳተም ነው (ዳተም የቦታ መጋጠሚያ ቁጥሮች የሚለኩበት መነሻ ነው)። ስልክ የሚሰጠው ግን በሌላ ዳተም፣ በደብሊውጂኤስ 84 ነው። ሳትቀይሩ ከደረባችኋቸው ቦታው ከመቶ ሜትር በላይ ይሸሻል። እኔ አንዴ ግማሽ ቀን ሙሉ «በደንብ አልለካችሁም» ብዬ ስጨቀጭቃቸው ውዬ፣ ጥፋቱ የራሴ ሆኖ ተገኘ።