ቁስል ይድረቅ ያለው ማነው?

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት እያነከሰ ፋሻ መቀየሪያ ክፍላችን ገባ። ከሞተር ወድቆ ቁርጭምጭሚቱ አጠገብ ተልጧል። ቁስሉን ልየው ብል አይታይም። ከላይ የተፈጨ ቡና፣ ከቡናው ሥር ከካፕሱል የተራገፈ ቢጫ ዱቄት ጋግሮበታል። «እንዲደርቅልኝ ብዬ ነው ሲስተር» አለኝ። በሳላይን (በንጹህ የጨው ውሃ) አርሼ አርሼ ቅርፊቱን ሳነሳው ሥሩ መግል ቋጥሯል።

እንዲደርቅልኝ! ይህችን ቃል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ቆዳ ሲላጥ ክፍተቱን የሚሸፍኑት ጠርዝ ላይ ያሉት ሴሎች ናቸው፤ እየተሳቡ ወደ መሃል ይመጣሉ። ለመሳብ እርጥበት ይፈልጋሉ። መንገዳቸውንም የሚጠርጉት ኮላጅኔዝ በሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ሌላውን ነገር በሚቆርጥ ወይም በሚለውጥ የሰውነት ፕሮቲን ነው፤ ራሳቸው ያመርቱታል፣ ከፊታቸው ያለውን ኮላጅን፣ ቆዳን አጥብቆ የሚይዘውን ፕሮቲን፣ ይቆርጥላቸዋል። ላዩ ደርቆ ቅርፊት ከሆነ ግን እርጥብ ቦታ ፍለጋ በሥሩ ጠልቀው ዙሪያ ጥምጥም ይሄዳሉ። ጆርጅ ዊንተር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1962 በአሳማ ቆዳ ላይ ሞክሮ አሳይቶናል፦ ተሸፍኖ እርጥብ የቆየው ቁስል አየር ከመታው በእጥፍ ገደማ ፈጥኖ ቆዳ ለበሰ። ኮላጅኔዝ በእንስሳት አካል ውስጥ መኖሩ የታወቀውም በዚያው ዓመት ነው። ጄሮም ግሮስና ቻርልስ ላፒየር የሚባሉ ተመራማሪዎች ያገኙት የእንቁራሪት ግልገል ጭራ ውስጥ ነበር፤ ግልገሉ ሲያድግ ጭራው የሚጠፋው ይኸው ኢንዛይም እየቆራረጠው ነው። ይህ ሁሉ ከታወቀ 60 ዓመት አለፈው። እኛ ዛሬም ቡና እንነሰንሳለን።

እርጥብ ስል ውሃ ውስጥ ይዘፍዘፍ ማለቴ አይደለም። ለተላጠ ቁስል በንጹህ ውሃ ማጠብ፣ ስስ ቫዝሊን፣ ጎዝ፣ ፋሻ። በቃ። ጎዙ ከተጣበቀም በሳላይን አርሱት እንጂ አትገሽልጡት፤ አዲሱ ቆዳ አብሮ ይነሳል። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁንም ጠይቁ።

ሌላው፣ በማግስቱ «ቀላ፣ ሞቀ፣ አመረቀዘ» ብሎ አንቲባዮቲክ ፍለጋ መድኃኒት ቤት መሮጥ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ቁስል ዙሪያው ትንሽ መቅላቱ ያለ ነው። ነጭ የደም ሴሎች በሰዓታት ውስጥ ይደርሳሉ፤ ኤላስቴዝን የመሰሉ ኢንዛይሞች ይዘው ባክቴሪያውንና የሞተውን ሥጋ ያጸዳሉ። ኮክስ 2 የሚባለው ኢንዛይም ደግሞ ፕሮስታግላንዲን የሚባል ኬሚካል ያመርታል፤ ሙቀቱም ህመሙም በአብዛኛው የእሱ ሥራ ነው። እኔ በእስክሪብቶ የቅላቱን ዳር አሰምርበታለሁ። ነገ ቅላቱ መስመሩን ከተሻገረ፣ ወይም ትኩሳት፣ መግል፣ መጥፎ ሽታ፣ ከሦስተኛው ቀን በኋላ እየባሰ የሚሄድ ህመም ካለ፣ ያኔ ቶሎ ወደ ሐኪም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ጀማሪ ሳለሁ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ነፍሴ ነበር። አንዲት እናት ቁስል ላይ በየቀኑ እያፈሰስኩ አረፋው ሲንተከተክ አብረን እናያለን። «ቆሻሻው እየወጣ ነው ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም ደስ ይለኛል። ለካ የሚያፈላው ካታሌዝ የሚባል ኢንዛይም ነው፤ በራሳችን ደምና ሥጋ ውስጥ ያለ። ጀርም ኖረም አልኖረም ይፈላል። እኔ በየቀኑ እያፈሰስኩ አዲሶቹን ሴሎች እያቃጠልኩባቸው ነበር። ቁስሉ ለምን እንደዘገየ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው።

ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚይዙት ያንኑ ኮክስ ነው። ህመም ሲጠና አንድ ሁለት ቀን ቢወሰዱ አልቆጣም። ሳምንታት በራስ ፈቃድ መቃም ግን ጨጓራንም ኩላሊትንም ይጎዳል። የስቴሮይድ ቅባት ክፍት ቁስል ላይ? በፍጹም። ብግነቱን ያፍነዋል፣ መዳኑንም ያጓትተዋል።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ አራት ሳምንት አልፎት ያልጠበበ ቁስል ይዞ ቅባት መለዋወጥ ነው። እዚያ ላይ የጽዳት ሠራተኞቹ ወደ ቤታቸው አልሄዱም። ኤላስቴዝና ኮላጅኔዝ ከልክ በላይ በዝተው አዲስ የተሠራውን ሥጋ፣ ሥጋ እንዲያድግ የሚያዙትን ፕሮቲኖች ጭምር ይበላሉ። ጠዋት የተገነባው ማታ ይፈርሳል። ሥሩ ስኳር፣ የደም ዝውውር ችግር፣ የሚጫን ጫማ ወይም ያልተጠረገ የሞተ ሥጋ ሊሆን ይችላል።

አንዲት እማማ ሦስት ወር የቆየ የውስጥ እግር ቁስል ይዘው አምስት ዓይነት ቅባት በፌስታል አመጡልኝ። ስኳር ተለክተው አያውቁም። ስንለካው ሰማይ ወጥቷል። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ ጠረገ፣ የስኳር መድኃኒት ጀመሩ፣ ቁስሉን የሚጫነውን ጫማ አስጣልናቸው። ፌስታሉን መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩት። ቁስሉ ዓይናቸው እያየ እየጠበበ፣ በመጡ ቁጥር ግን «ቅባቱን መቼ ነው የምትጀምሪልኝ?» ይሉኝ ነበር።