ኮርቻው ወደ አንድ ጎን ሲያጋድል

ኮርቻ ባጋደለ ቁጥር ማሰሪያውን ማጥበቅ ፈረሱን ከማስጨነቅ በቀር የሚፈይደው የለም። መጀመሪያ ፈረሱን ደልዳላ መሬት ላይ፣ እግሮቹን አስተካክላችሁ አቁሙትና ሰው ሳይወጣበት ከኋላው ራቅ ብላችሁ ተመልከቱ (ርግጫ አይታወቅም)። ያኔም ካጋደለ ኮርቻውን ከነድብዳቡ (ከሥሩ ከሚነጠፈው ጨርቅ ጋር) ሌላ ፈረስ ላይ ጫኑት። እዚያም ከተጣመመ ወይ የኮርቻው እንጨት ተሰንጥቋል፣ ወይ ድብዳቡ በአንድ በኩል ሳስቷል።

የሚያጋድለው ሰው ሲቀመጥበት ብቻ ከሆነ እርካቦቹን ለኩ፤ ሁልጊዜ በግራ በኩል መውጣት የግራው እርካብ የሚንጠለጠልበትን ጠፍር ያረዝመዋል። ከግልቢያ በኋላ ደግሞ ላቡን እዩ፦ በረጠበው ጀርባ መካከል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካለች ጫናው እዚያ በዝቶ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ አሁንም ወደ አንድ ጎን ከተንሸራተተ የኋላ እግሮቹን በእንስሳት ሐኪም አስመርምሩ፤ ለዓይን የማይታይ ቀላል ማነከስም ኮርቻ ያንሸራትታል።