ካርዱን አትጠብቁ፣ ደብተሩን ግለጡ

ሀዋሳ አቶቴ አካባቢ ትንሽ የጽሕፈት መሣሪያና የፎቶ ኮፒ ሱቅ አለኝ። ልጆቼ 3ኛ እና 5ኛ ክፍል ናቸው። ባንኮኒ ጀርባ ሆኜ የማየው ነገር ብዙ ነው። መስከረም ላይ ወላጅ ደብተር በደርዘን ይገዛል፣ ላስቲክ ያለብሳል፣ ስም ይጽፋል። ከዚያ ካርድ እስኪመጣ ድረስ ያንን ደብተር መልሶ የሚያየው ስንቱ ነው? የልጃችሁን ትምህርት መከታተል ከፈለጋችሁ ከደብተሩ ጀምሩ።

በሳምንት አንዴ፣ እሁድ ቡና ከተጠጣ በኋላ ይበቃል። መጀመሪያ ቀኑን እዩ። ሰኞ ተጽፎ ቀጥሎ ሐሙስ ከሆነ መሃሉ የት ገባ? ከዚያ ቀይ እስክሪብቶ ፈልጉ። እርማት የሌለው ገጽ ከበዛ ወይ ልጁ ደብተሩን አላሳረመም፣ ወይ መምህሩ አልደረሰለትም። ሁለቱም ይጠየቃሉ። ሦስተኛው ተጀምሮ የቀረ ዓረፍተ ነገር ነው። የልጄ የአካባቢ ሳይንስ ደብተር ላይ መስመሮቹ ቀኝ ቀኙን ጎደሎ ነበሩ። "ተክሎች ምግባቸውን የሚያዘጋጁት" ይልና ያቆማል። ስንፍና መስሎኝ ልቆጣ ስል ጠየቅኩት። ለካ ጠዋት በመስኮት የሚገባው ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ያንጸባርቃል፣ እሱ ከተቀመጠበት ቀኝ ጎኑ አይታይም። ስም ጠሪዋን አናገርኳት፣ ቦታ ቀየረችለት፣ አለቀ። ቦታ ተቀይሮም ካልተሻሻለ ዓይኑን ማስመርመር ነው።

ለትንንሾቹ ዋናው ንባብ ነው። 1ኛ ክፍል ያለ ልጅ ከሀ እስከ ፐ በዜማ ይወርደዋል፣ ወላጅም "አንበሳ!" ብሎ ይረካል። እስቲ ጣታችሁን ድንገት "ቶ" ላይ አሳርፉ። ቀጥሎ "ሹ" ላይ። ተ፣ ቱ፣ ቲ እያለ ቆጥሮ ከደረሰበት ዜማውን ነው የያዘው፣ ፊደሉን ገና አልለየም። መጽሐፍ ሲያነብላችሁም ሥዕሉን በእጃችሁ ሸፍኑና ከታችኛው መስመር አስጀምሩት፤ በቃሉ የያዘው ወዲያው ይለያል። ለልምምድ የግድ መጽሐፍ መግዛት የለባችሁም። በባጃጅ ስትሄዱ የሱቅ ስም ያንብብላችሁ፣ ቤት ውስጥ የዱቄት ከረጢት አለ።

ሲዳሙ አፎ የማንችል ወላጆች ደግሞ የዚያ የቤት ሥራ ሲመጣ እንሸሻለን። ይህቺን ብቻ ያዙ። የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው፣ ድምፁ ግን ከእንግሊዝኛው ይለያል። ኤክስ "ጥ" ነው፣ ኪው "ቅ" ነው፣ ሲ ለብቻዋ "ጭ" ናት። ልጅ እንግሊዝኛ ላይ የሚሳሳተው አንዳንዴ ሁለቱን እያደባለቀ ስለሆነ ከመቆጣታችሁ በፊት ይህን አጣሩ። ቋንቋውን የምትችል ጎረቤት ካለች ደብተሩን ይዞ ይሂድ። እኛ ቤት አስተማሪዋ ልጄ ናት። ሚቶ፣ ላሜ፣ ሳሴ እያለች ታስቆጥረኛለች። ስሳሳት ደስታዋን ብታዩት!

የቤት ሥራን በተመለከተ፣ ማታ ማታ ሱቄ የሚመጡ እናቶች አሉ። "የቅጠል ክፍሎች በከለር ፕሪንት አድርጊልኝ፣ ነገ የሚያስረክበው ፕሮጀክት ነው።" አትሜ እሰጣለሁ፣ እንጀራዬ ነው። ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከግቢ አንድ የማንጎ ቅጠል ቀጥፎ ወረቀት ላይ ለጥፎ ክፍሎቹን በራሱ እጅ ቢጽፍ ይሻለው ነበር። መምህር የልጅና የእናት እጅ ጽሑፍ አይጠፋውም። አጠገቡ ሁኑ፣ ሽንኩርት እየከተፋችሁም ቢሆን። መልስ ሲጠይቃችሁ "መምህሩ ክፍል ውስጥ እንዴት ሠራው?" በሉት። ደግሞ "ዛሬ ምን ተማርክ?" ካላችሁ መልሱ "ምንም" ነው። "ዛሬ ማን ሰሌዳ ላይ ወጣ?" ስትሉት ወሬው ራሱ ይመጣል።

መምህር ለማናገር ካርድ የሚሰጥበትን ቀን አትጠብቁ። ያን ቀን ሰልፍ ነው፣ የሚወራውም ደረጃ ብቻ ነው። ኅዳር እና መጋቢት ላይ ሂዱ፣ ገና የሚስተካከል ነገር እያለ። ጠዋት ደወል ላይ አይሆንም፤ ክፍት ክፍለ ጊዜ መቼ እንዳላት ጠይቁ። ደብተሩን ይዛችሁ፣ ገጹን ገልጣችሁ ግቡ። "ልጄ እንዴት ነው?" ካላችሁ "ጎበዝ ነው፣ ትንሽ ይረብሻል" ትባላላችሁ። "በመበደር መቀነስ አልገባውም፣ ክፍል ውስጥስ እንዴት ነው?" ስትሉ ግን መምህሯም ወንበር ስባ ትቀመጣለች። አባቶች፣ ይህ ለእናንተም ነው።

የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ሲጠራም ሂዱ። ስለ መዋጮ ብቻ ነው የሚያወሩት የምትሉ አላችሁ፣ ውሸትም አይደለም። ግን የሽንት ቤቱና የውሃው ጉዳይ የሚነሳውም እዚያው ነው።

ኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የምትሠሩ፣ ማታ የማትገኙ ከሆነ አያት ወይም አክስት ታዳምጠው። ማንበብ ባትችልም ግድ የለም። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፣ ልጆቼ ግን ከእኔ ይልቅ ለእሷ ነው በደንብ የሚያነቡት። "ምን አልክ? ድገምልኝ" ትላለች። ሲደግም ራሱ ያርመዋል።

የ6ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ያለበት ልጅ ያላችሁ፣ የከዚህ ቀደም ጥያቄዎችን ፎቶ ኮፒ ለማድረግ ሰኔን አትጠብቁ። ሰኔ ላይ ሰልፉም ረጅም ነው፣ ማሽኔም ይግላል።