ለቅሶ እንዴት ይደረሳል? ከመርዶ እስከ ድንኳን መፍረስ

አባቴ ያረፈ ሰሞን ቤታችን ሰው በሰው ነበር። ማን ምን እንዳለኝ ግን አብዛኛውን አላስታውስም። የማልረሳቸው አንዲት ጎረቤታችንን ነው። ገብተው ፍራሹ ላይ አጠገቤ ተቀመጡ። "አይዞሽ" እንኳን አላሉኝም። ንፍሮ ሲዞር ትንሽ ዘገኑና መዳፌ ላይ አደረጉልኝ። ከጠዋት ጀምሮ እህል በአፌ አልዞረም ነበር። እሳቸው ዝም ብለው እያዩኝ በላሁ።

ይህን የማነሳው ብዙ ሰው፣ በተለይ ወጣቱ፣ ለቅሶ ቤት መሄድ እንደሚፈራ ስለማውቅ ነው። "ምን ብዬ ልግባ? ምንስ እላለሁ?" ይላል። በዚያ ፍርሃት ቀናት ያልፋሉ። ከዚያ ደግሞ እፍረት ይጨመርበታል። ስለዚህ ወሬው ከደረሳችሁ ደቂቃ ጀምሮ ምን እንደምታደርጉ በቅደም ተከተል ልንገራችሁ። የማወራው በአብዛኛው ስለማውቀው ስለ አዲስ አበባ ለቅሶ ነው። በየአገሩ ልማዱ ትንሽ ትንሽ ይለያል።

1. መጀመሪያ ስልካችሁን አስቀምጡ

"እገሌ አረፈ" ሲባል የብዙዎቻችን እጅ የሚሄደው ወደ ስልክ ነው። ፎቶ ፈልጎ "ነፍስ ይማር" ብሎ ፌስቡክ ላይ መለጠፍ። እባካችሁ ቆዩ። የሟች ልጅ ሳውዲ፣ እህቱ ቤይሩት፣ ወንድሙ ዋሽንግተን ሊሆኑ ይችላሉ። እነሱ ገና አልተረዱም። ዱባይ ሰው ቤት ስትሠራ የእናቷን ሞት ከፌስቡክ ያነበበች ልጅ አውቃለሁ። ወጥ እያማሰለች ነበር። ቤቱ ውስጥ አማርኛ የሚሰማት አንድ ሰው አልነበረም። የለጠፈው ሰው ክፉ አላሰበም፤ ለማዘን የቸኮለ የሩቅ ዘመድ ነው።

ለቤተሰቡ ቅርብ የሆነ ሰው ፈልጉና "ሁሉም ተረድተዋል ወይ?" ብላችሁ ጠይቁ። አዎ እስኪባል ድረስ አትጻፉ። ለሐዘንተኛውም አትደውሉ።

2. መርዶው በእናንተ ላይ ከወደቀ

ከዚህ ሁሉ ከባዱ ይኸኛው ነው። ልማዱ ሰው ሥራ ሳይወጣ፣ ከንጋቱ 11 ወይም 12 ሰዓት ላይ ተሰባስቦ መሄድ ነው። ያለ ምክንያት አይደለም። በዚያ ሰዓት ሐዘንተኛው ቤቱ ነው፤ መሪ አልጨበጠም፣ መንገድ እየተሻገረ አይደለም። ከፊቱም ሙሉ ቀን አለ። ጎረቤት ይሰማል፣ ዘመድ ይደርሳል። ማታ የተረዳ ሰው ግን ያን ሌሊት እንዴት ያነጋዋል?

ቢያንስ 3 ወይም 4 ሆናችሁ ሂዱ። የሚቀርበው ጓደኛ ይኑር። የሚያከብረው ሽማግሌ ይኑር። የንስሐ አባት ካለው እሳቸውን ጥሩ። ደም ግፊት ወይም ስኳር እንዳለበት፣ ሴት ከሆነች ነፍሰ ጡር መሆን አለመሆኗን ቀድማችሁ አጣሩ። ከመካከላችሁ የሕክምና ሰው ቢገኝ መልካም ነው። አንድ ሰው ጎኑ ይቀመጥ። ከዚያ ታላቁ ሰው በአጭሩ ይንገረው፦ "እናትህ አርፈዋል።" "ትንሽ አሟቸዋል" ብሎ መጀመር የተለመደ ነው። እኔ አልወደውም። ሰውየው ልብሱን ለባብሶ "ሐኪም ቤት እንሂድ" ሲል ሁለተኛ ጊዜ ይሰበራል።

መርዶ አታቆዩ። ውጭ አገር ላለ ሰው "ፈተና ላይ ነው"፣ "ብቻዋን ናት" እየተባለ ለሳምንታት ይደበቃል። ቀብር መድረስ ይችል የነበረ ልጅ አባቱን ሳይሸኝ ይቀራል። ይህን ይቅር ያላሉ ልጆች አውቃለሁ፤ አልፈርድባቸውም። አሜሪካ ያሉ ወዳጆቼ ሰውየው ሥራ የማይገባበትን ቅርብ ቀን አጣርተው በጠዋት በሩን ያንኳኳሉ። አንድ ቀን ሁለት ቀን ይገባኛል። ከዚያ በላይ ግን የራሱን ሐዘን መንጠቅ ነው።

3. ቀብር ላይ

ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ልብስ ልበሱ። ሴቶች ነጠላ ስትለብሱ አዘቅዝቁት። በዓል ላይ ጥለቱ ወደ ታች ይወርዳል፤ ለሐዘን ግን ወደ ላይ፣ ወደ አንገት ይመጣል። ትልቅ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይህንን ነው። ጌጣጌጡን እቤት ተዉት። ጫማችሁ ጭቃና ድንጋይ የሚችል ይሁን።

ሰዓቱን ከእድሩ ወይም ከቤተሰቡ አጣሩ። 6 ሰዓት ከተባለ ቀድማችሁ ድረሱ። ፍትሐት እየተደረሰ ከሆነ ወሬ አቁሙ። መቃብሩ አጠገብ ያለውን ቦታ ለቤተሰብ ልቀቁ። ሳጥኑ ሲወርድ ለማየት ሰው ሲጋፋ፣ እናት ከኋላ ቀርታ አይቻለሁ። የሕይወት ታሪክ ሲነበብ ስልክ አይጩህ። ያዘነ ሰው ፊት ላይ ካሜራ አትደቅኑ። ከቆየ ጓደኛ ጋር ከተገናኛችሁም ሳቁና መተቃቀፉ ከቅጥር ግቢው ውጭ ይቆያችሁ።

ከቀብር በኋላ ሐዘንተኛውን እስከ ቤቱ መሸኘት ወግ ነው። የእድር አባል ስም ቁጥጥር ይኖርበታል፤ ቀሪም ይቀጣል። ግን ስም አስመዝግቦ ከመቃብሩ በር ላይ ታክሲ መያዝ ሐዘንተኛው ዘንድ አይቆጠርም።

4. ለቅሶ ቤት ስትገቡ

ብዙውን ጊዜ ወንዶች ድንኳን ውስጥ፣ ሴቶች ቤት ውስጥ ይቀመጣሉ። የት እንደምትቀመጡ ካላወቃችሁ በሩ ላይ ያሉትን የእድር ሰዎች ጠይቁ። ድሮ ሰው ከደጅ ጀምሮ እየጮኸ ይገባ ነበር፤ ዛሬም አለ። ሐዘንተኛዋ ገና እንባዋ ሳይደርቅ ተነስታ አብራ ትጮሃለች። በቀን 30 ጊዜ እንዲህ ስትነሳና ስትወድቅ አስቡት። እንባችሁ ከመጣ አልቅሱ፤ ማንም አይከለክላችሁም። ካልመጣ ግን አታስመስሉ። ዝቅ ብላችሁ ግቡ፣ ሐዘንተኛውን እቀፉ ወይም ትከሻውን ያዙ፣ ተቀመጡ።

ከዚያ ዝምታ ነው። ይህ ዝምታ ብዙ ሰው ያስጨንቃል። ለመስበር ሲል "ምን ነካው? ምን ሆኖ ነው?" ብሎ ይጠይቃል። ሐዘንተኛው ያንን ታሪክ ከጠዋት ጀምሮ ለስንት ሰው እንደተረከ ማን ያውቃል? "የት ሐኪም ቤት ነበር የወሰዳችሁት?" የሚለው ደግሞ ይብሳል። "ሌላ ቦታ ብወስደው ኖሮ" የሚል ፀፀት ይዘራል። ለማወቅ የግድ ከሆነ ውጭ ያለውን ጎረቤት ጠይቁ።

"ተገላገለ"፣ "ዕድሜ ጠግበው ነው የሞቱት"፣ "አታልቅሺ፣ ኃጢአት ነው"፣ "ወንድ ልጅ እንዲህ አይሆንም" አትበሉ። ልጅ ለሞተባት ሴት "ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ" አትበሏት። ይህን የሚሉ ሰዎች በቅንነት ነው የሚሉት፤ የሰማችው ግን ዕድሜዋን ሙሉ አትረሳውም። የ90 ዓመት እናት የሞቱበት ሰውም እናቱን ነው ያጣው።

ምን ልበል ካላችሁ፣ ስለ ሟቹ የምታውቁት አንድ ትንሽ ነገር ካለ ንገሩ። "ትምህርት ቤት ሳለን አባትሽ ዝናብ ሲሆን ሁላችንንም በመኪናቸው ያደርሱን ነበር።" ይህ ይበቃል። እኔ አባቴን በማላውቀው በኩል ያወቅሁት ድንኳን ውስጥ ነው።

ንፍሮ ወይም ሻይ ሲመጣ አትግደርደሩ፤ ትንሽም ቢሆን ቅመሱ። ምሳ ካልበላን ብላችሁ ግን አትጠብቁ። ሩቅ ወዳጅ ከሆናችሁ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ቅርብ ከሆናችሁ ዋሉ፤ ማደርም ካስፈለገ እደሩ። ድንኳን ውስጥ ሲያድሩ ካርታ የሚጫወቱ ወንዶችን አይታችሁ አትቆጡ። እንቅልፍ ማባረሪያ ነው፣ ሐዘንተኛው ብቻውን እንዳያድር።

ስትነሱ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" በሉና ውጡ። በር ላይ ረጅም ስንብት አያስፈልግም።

5. እዝን

ለቅሶ ቤት እሳት የሚያነድ ሰው አይኖርም፤ ምግቡ ከውጭ ነው የሚመጣው። ቀኑን አስቡ። ረቡዕና ዓርብ ወይም በጾም ወቅት ለኦርቶዶክስ ቤተሰብ የፍስክ ወጥ ይዞ መሄድ ያሳፍራል። ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ጎመን ማንንም አያስቸግሩም። እንጀራውን በርከት አድርጉት። ከጎረቤት ጋር ተነጋገሩ፤ በመጀመሪያው ቀን አሥር ድስት መጥቶ በአራተኛው ቀን ባዶ ይሆናል። ቢቻል አራተኛው ቀን የእናንተ ይሁን። ድስቱ ክዳን ላይ ምልክት አድርጉና እቃችሁን ቶሎ አትጠይቁ።

እጃችሁ ካጠረ ውሃ፣ ስኳር፣ ቡና፣ ሶፍት ይዛችሁ ሂዱ። ገንዘብ ከሆነ በፖስታ አድርጋችሁ ለቅርብ ዘመድ በጎን ስጡ። ባዶ እጅ መሄድም ነውር የለውም። እቃ ማጠብ ይቻላል።

6. ሃይማኖቱ የእናንተ ካልሆነ

ሙስሊም ቤት ጀናዛ ቶሎ ነው የሚቀበረው፤ ብዙ ጊዜ በዕለቱ። ከሰማችሁ አትዘግዩ። ሶላቱ ሲሰገድ ሙስሊም ያልሆነ ሰው ከኋላ በጸጥታ ይቆማል። ሴቶች አብዛኛውን ጊዜ መቃብር አይሄዱም፤ ቤት ነው የሚቀመጡት። ጮክ ብሎ ማልቀስና ደረት መምታት አይወደድም። ስትገቡ ጫማ አውልቁ። "አላህ ይዘንለት፣ ለእናንተም ሰብሩን ይስጣችሁ" በሉ፤ ሰብር ትዕግሥት ማለት ነው። ባሏ የሞተባት ሴት 4 ወር ከ10 ቀን ዒዳ፣ ማለትም የሐዘን ጊዜ፣ ትቀመጣለች። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ለሠርግ ወይም ለሌላ ድግስ አትጥሯት፤ ቤቷ ሄዳችሁ ጠይቋት።

ፕሮቴስታንት ቤት መዝሙርና ስብከት ይበዛል፤ ስለ ሞተ ሰው ነፍስ አይጸለይም። ስለዚህ "ነፍስ ይማር" ከማለት "ጌታ ያጽናናችሁ" ማለት ይሻላል። አርባ መቼ ነው ብላችሁም አትጠይቁ።

7. ካረፈዳችሁ

ብዙ ወዳጅነት የሚፈርሰው እዚህ ላይ ነው። ሰው በሆነ ምክንያት ሳይደርስ ይቀራል። ከዚያ ሐዘንተኛውን መንገድ ላይ ሲያይ ይሸሻል። አንድ ዓመት ያልፋል። ሐዘንተኛው ደግሞ ማን እንደመጣ ባያስታውስ ማን እንደቀረ ያስታውሳል። ሂዱ። 2 ወር ቢያልፍ ሂዱ፣ ዓመት ቢሞላ ሂዱ። ሰበብ አትደርድሩ። "አልደረስኩልህም፣ ይቅር በለኝ" ብቻ በሉ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ በ5ኛው ወር ዳቦ ይዛ መጣች። በዚያ ሰሞን የአባቴን ስም የሚያነሳ ሰው ጠፍቶ ነበር። ሳያት ያለቀስኩት ቀብሩ ቀን ከተለቀሰው ይበልጣል። ቂም ግን አልነበረኝም።

ሩቅ አገር ካላችሁ ደውሉ። የጽሑፍ መልእክት ብቻ ልካችሁ አትተዉት፤ ድምፅ ሌላ ነው። ካላነሳ አትቀየሙ፣ በሳምንቱ ድገሙት።

8. ድንኳኑ ሲፈርስ

ብዙ ቤት ከሰልስት በኋላ ድንኳኑ ይነሳል። የዚያን ቀን ጉልበት ያስፈልጋል። የእድሩ ወንበር፣ ብርጭቆና ሳህን ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የጎደለውን የሚከፍለው ሐዘንተኛው ነው። ወጣቶች ከሆናችሁ ለዚህ ድረሱ። የተሰበረ ብርጭቆ ካለ ሳይሰማ ተኩ።

ከዚያ ሁሉም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ግቢው ላይ የካስማ ጉድጓድና የተረገጠ ሣር ይቀራል። ማታ 1 ሰዓት ገደማ ቤቱ ጭር ይላል። ያን ማታ ሁለት ሆናችሁ ብቅ በሉ። ቡና ይፈላ። ሐዘንተኛው ማውራት ከፈለገ አውሩ፣ ዝም ካለም አብራችሁት ዝም በሉ። ሲተኛ መብራቱን አጥፍታችሁ፣ በሩን ቀስ አድርጋችሁ ዘግታችሁ ውጡ።